ጥጃው ገና አልመጣም

ቅዳሜ ጠዋት ነው... ጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ዳር ሳሩ ላይ ዘና ብዬ ተቀምጬ እስላለሁ። ከኋላዬ የሆነ ነገር ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል የጠመንጃ ሰደፍ ነው።

ጠመንጃውን የያዘው ማቴዎስ ነበር። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ፣ የአሪ ልጅ፣ በሌላ ቀን ሰላምታው የማያልቅ ሰው።

«መምህር፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ጥጃ እየሳልኩ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ። አውሮፕላን አለ። ሜዳ አለ። የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ከረጢት እንኳን በእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ አለ።

«ጥጃው የታለ?»

«ገና አልመጣም።»

ጉድ የሠራችኝ ይቺ መልሴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው ሰባዎቹ ውስጥ፣ ደርግ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የልጆቹ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ባቡር ነው፤ እነሱ ደግሞ ባቡር ቀርቶ ሐዲዱን አይተው አያውቁም። (እኔም አላየሁም፤ ግን አስተማሪ ነኝና አይቻለሁ ብዬአቸዋለሁ።) ስለዚህ የሚያውቁት ነገር ያለበት የሥዕል መጽሐፍ ልሠራላቸው ክረምቱን ሙሉ ቁጭ አልኩ።

ታሪኩ ቡሬ ስለሚባል ጥጃ ነው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማችን መሀል ያለው የሳር ሜዳ ላይ ነበር። ከብቱም እዚያው ይግጣል። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰዉ እየሮጠ ከብቱን ያስወጣል። በእኔ ታሪክ ሁሉም ሲወጣ ቡሬ ብቻ እምቢ ይላል... የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ይፈልጋላ።

እኔ ደግሞ ስስል አመል አለኝ። ዋናውን ባለታሪክ መጨረሻ ላይ ነው የምስለው፣ እጄ ከተፍታታ በኋላ። ቡሬ የሚቆምበትን ቦታ ነጭ አድርጌ እተውና ሌላውን ሁሉ አስቀድሜ በእርሳስ ነድፌ እጨርሳለሁ።

እንግዲህ ማቴዎስ ወረቀቶቼን ሲገልጥ ያገኘውን አስቡት። ሜዳው ከላይ፣ ሜዳው ከታች፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ አውሮፕላኑ በሩን ሲከፍት... በየገጹ መሀል ደግሞ ነጭ ባዶ ቦታ። ጥጃ የሚባል ነገር ለመድኃኒት የለም።

እኔን ፊት ፊት አስቀድሞ፣ የቀለም እርሳሶቼን እንዳይሰበሩ በጥንቃቄ ይዞ፣ ወደ ቀበሌ ወሰደኝ።

ጓድ ሊቀመንበሩ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ብዙ አዩ። ልጃቸው አልማዝ የእኔ ተማሪ ናት፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ። ያን ዕለት ግን እንደ ልጃቸው አስተማሪ አላዩኝም። ጣታቸውን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ምንድነው የሚቀመጠው?»

«ጥጃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እዚህስ?»

«እሱም ጥጃ ነው።»

«ሁሉም ቦታ ጥጃ?»

«አንድ ጥጃ ነው... ይዘዋወራል።»

እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔን አላምነውም ነበር። እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ። በዚያ ዘመን ከዚያች ክፍል ተወጥቶ ወዴት እንደሚኬድ አይታወቅም። ሞኝነቴ ደግሞ፣ ከራሴ ይልቅ ያሳሰበኝ መጽሐፉ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ሰኞ አነብላችኋለሁ ስላልኳቸው ልጆቹ መድረሻ አሳጥተውኛል።

«በል ሳለው» አሉኝ። «እያየሁህ።»

እጄ ገና ስላልተፍታታ የመጀመሪያው ቡሬ እግሩ የተብረከረከ ሆኖ ወጣ። ደግነቱ ጥጃ ነውና አያስነቅፍም። ታሪኩንም እያወራሁ መሳሌን ቀጠልኩ። ማቴዎስ የሚጠብቀውን በር ትቶ ጠጋ አለ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ቡሬ አውሮፕላኑ በር ጋ ሲደርስ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ነበር።

«እህ... ገባ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሱን እንኳን ገና አልወሰንኩም።»

«መጨረሻውን ሳታውቅ ነው ሰው የምታስቸግረው?»

ሰላይ መስዬአቸው እንኳን እንዲህ አልተቆጡኝም።

ከዚያ ፍርድ ሰጡ። ጥጃው ነጻ ነው። አውሮፕላኑ ግን የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ ይጥፋ፤ ስሙንም ልጆቹ ፊት እንዳላነሳ። መሀል ከተማ የሚያርፍ፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እጁን የሚያውለበልብለት ምስጢር! ላጲሴን ተቀብለው ራሳቸው ገጽ በገጽ ፈገፈጉት። ገና ቀለም ስላልቀባሁት ድራሹ ጠፋ።

ጠዋት ጥጃ የሌለው አውሮፕላን ይዤ ወጥቼ፣ አውሮፕላን የሌለው ጥጃ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ከፍቼ ለልጆቹ አሳየሁ። ቡሬ አንገቱን አቅንቶ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጧል። የክረምቱን ልፋቴን ሳስበው እንባዬ መጣ። የአውሮፕላኑን ስም እንዳላነሳ ስለተከለከልኩ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ቡሬ ምን እያየ እንደሆነ ልጆቹን ጠየቅኳቸው።

ፊት ወንበር ላይ አንድ እጅ ወጣ። አልማዝ ናት።

«አውሮፕላን ነው የሚያየው። ትናንት አባዬ ነገረኝ። ግን ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ... ክፍሉ ሁሉ ሰማ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የከነከነኝ። ቀስ ብዬ አባቷ መጨረሻውን ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አዎ! በሩ ሲከፈት ሆዱ ውስጥ ሌላ ጥጃ አለ። እሱም ጂንካ ውስጥ ምን እንዳለ ሊያይ ነው የመጣው።»

ክረምቱን ሙሉ ያቃተኝ ነገር! ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት፣ እኔም አብሬአቸው። የመጨረሻውን ገጽ እንደዚያው አድርጌ ሳልኩት። ያቺን ገጽ ሳያዩ ወደ ቤት የሚሄዱ ልጆች አልነበሩም።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ክንዴን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጨረሻውን ወሰንክ ወይ አሉኝ። ወስኛለሁ አልኳቸው። እንዴት ሆነ አላሉም፣ ፈገግ ብለው አለፉ።

የመጽሐፌን መጨረሻ የደረሰልኝ አውሮፕላኔን ያጠፋብኝ ሰው ነው። ስሙን ግን አልጻፍኩለትም... የመንግሥት ምስጢር ነዋ።