የወጊህ ድምፅ

ወጊህ በስዊዝ ቦይ ሬዲዮ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጦ መርከብ ሲያናግር የኖረ ሰው ነው። ጦርነቱ ቦዩን ሲዘጋውና የኢስማኢሊያ ሰው ሲፈናቀል፣ ሚስቱን ኢንሳፍን ይዞ ዛጋዚግ አጠገብ ወዳለች መንደር ገባ። የመንደሯ ስልክ ቤት ሰው አጥቶ ስለነበር እዚያ ተቀጠረ።

መጀመሪያ ሰሞን የደዋዮቹን ስም የሚያስተላልፈው በመርከበኛ ደንብ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቃል አለ፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ። መስመሩ ተንጫጭቶ ከቃሉ ግማሹ ብቻ ቢደርስ እንኳ ፊደሉ ይታወቃል። ቃላቱም የተመረጡት ለዚሁ ነው። የዛጋዚጓ ስልክ አቀባይ ግን አልወደደችለትም።

«ኧረ ኡስታዝ፣ ብራቮህን ለመርከቦችህ አስቀምጥላቸው። እንደ ሰው ‹ባ፣ የዳክዬዋ› በለኝ።» በዓረብኛ ዳክዬ «ባጣ» ናት።

ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ጩኸቷን ከስልኩ ሰምተው ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ካፒቴን ዳክዬ ሆነ። እሱም ሳቀ፤ «ባ የዳክዬዋ» ማለትም ለመደ። ከሥራ ሲወጣ ግን የመስኖው ቦይ ዳር ይቆማል። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። እዚያ ቆሞ የድሮ መርከቦችን ስም ፊደል በፊደል ይጠራል፤ ጠርቶም እንደ ልማዱ መልስ እስኪመጣ ዝም ይላል።

በስድስተኛው ዓመት ድዱ ታመመና አራት የላይ የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። የጥርስ ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ተከለለት፤ ለመብላት ደህና ነው፣ ሲናገሩበት ግን ያፏጫል። ዓመት ሳይሞላው ደብዳቤ መጣ። ቦዩ ሊከፈት ነው፤ የቀድሞ የሬዲዮ ሠራተኞች ለንግግር ፈተና ይቅረቡ ይላል።

ወጊህ ልምምዱን እቤቱ ጀመረ። ኢንሳፍን ጓዳ አስቀመጣት፣ የላምባ ምድጃውን እንደ መርከብ ሞተር እስኪያጉረመርም አናፋው፣ ከበር ወዲህ ሆኖ ጠራ።

«ፊደሎቹ አንድም ሳይቀሩ ደርሰዋል፣ የሩሽዲ አባት» አለች፣ እንደ ወትሮው በልጃቸው ስም እየጠራችው። «መጨረሻ ላይ ያልከው ግን አልተሰማኝም።»

«ውሃ አምጪልኝ ነው ያልኩት።»

«እንግዲህ አልተሰማም።»

«ድሮም ውሃ ስጠይቅሽ አይሰማሽም» ብሎ ቀለደ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ኢስማኢሊያ የፈተነው ሹክሪ ነው፤ ሥራውን ያስተማረው ራሱ ወጊህ። ሁለት ክፍል ለያይተው አስቀመጧቸው፤ መስመሩ ላይ በቴፕ የተቀዳ የሞተር ጩኸት ለቀቁበት። ወጊህ አሥራ ሁለት የመርከብ ስም በፊደል ጠራ። አሥራ ሁለቱም ትክክል ሆነው ተጻፉ። ከዚያ በተራ ንግግር የሚሰጡ አሥር ትእዛዞች አነበበ፤ ፍጥነት ቀንስ፣ ወደ ቀኝ ያዝ፣ ሞተር አቁም።

ሹክሪ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የሰማው አራቱን ብቻ ነው።

«ጥርሱን ሲለምዱት ይስተካከላል፣ ጋሼ። ማለፊያውን ስምንት ብዬ ልጻፈው።»

ወጊህ ወረቀቱን ተቀብሎ ባዶ መስመሮቹን በጣቱ ቆጠረ። ሰባት ዓመት የጠበቀው ይህን ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ ቀርቶታል።

«አንተ ካፒቴን ብትሆን፣ አቁም ስልህ ታቆም ነበር?»

ወረቀቱን ለሹክሪ መለሰለት።

«ቦዩ ጠባብ ነው፣ ልጄ። ከኋላህ ደግሞ ሌላ መርከብ አለ። አራት ብለህ ጻፍ።»

ሹክሪ እንደተባለው ጻፈ። ጽፎም ቶሎ አልተነሳም፤ እስክሪብቶውን ሲከድንና ሲከፍት ቆይቶ፣ መዝገብ ያዥ እንደጎደላቸው ነገረው።

ማታ ኢንሳፍ ፊቱን አይታ «ምን አሉህ?» አለችው።

«ወንበር ሰጡኝ። ማይክሮፎኑ የሌላ ሰው ነው።»

«አጠገብህ ሆኖ ሌላው ሲናገርበት አንጀትህ ይቃጠላል።»

«እዚህም ሲቃጠል ነው የኖረው። እዚያ ቢያንስ መርከብ ያልፋል።»

ሻንጣውን ማውረድ ጀመረች።

በሰኔ መርከቦቹ ተሰልፈው ገቡ። አዲሱ ተናጋሪ ይጠራል፤ ወጊህ ስምና ሰዓት ይመዘግባል። ከንፈሩ ከተናጋሪው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጣም። አንዱ መርከብ በመስኮቱ ትይዩ ሲያልፍ በጣም ቀርቦ ስለነበር፣ ልብስ የሚያሰጣ መርከበኛ ይታይ ነበር። ሰውየው እጁን ወደ ሕንፃው አውለበለበ። ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ወጊህ እስክሪብቶውን ከፍ አደረገ፤ የሚቀጥለው መርከብ ስም ሲጠራ መልሶ አጎነበሰ።