ጉርብትና ወዴት ጠፋ ያለው ጋዜጠኛ

ቀጨኔ ውስጥ መሳይን የማያውቅ የለም፤ እሱ ግን ማንንም አያውቅም። የትም ሳይቀጠር ለሁሉም የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነው። ዛሬ ስለ አርባ ምንጭ አዞዎች፣ ነገ ስለ ቆዳ ነጋዴዎች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ስለ ሰፈር ኑሮ ይጽፋል። «ያልረገጥኩት አገር የለም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ግድግዳ የምትጋራው ሐመልማል ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ታጣምማለች። ወይ አገር መርገጥ! አርባ ምንጭ ድረስ የሚሄድ ሰው የእሷ ደጃፍ ራቀው።

ባለፈው ሰሞን ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ የእድሩ ጥሩምባ ማለዳ ተነፋ። መሳይ በመስኮት ብቅ አለና «ኧረ እባካችሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሥራው ምን መሰላችሁ? «ጉርብትና ወዴት ጠፋ?» የሚል ጽሑፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ዓይን አውጣ የት ታገኛላችሁ!

ከሰዓት በኋላ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ ለቅሶው ድንኳን መጣ። ለጽሑፉ የሚሆን ፎቶ አምሮት እንጂ ሊያስተዛዝን አይደለም። «እግዜር ያጥናችሁ» እንኳ ሳይል፣ ከድንኳኑ ጀርባ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት የምትከትፈውን ሐመልማልን «እህቴ፣ የሞተው ማን ነው?» አላት።

ሐመልማል ቢላዋዋን አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ጋሽ አጥናፉ ናቸው፤ በግራ በኩል የነበሩት ጎረቤትህ» አለችው። «በቀኝ በኩል ያለችው ደግሞ እኔ ነኝ። ከወዲሁ እወቀኝ፤ እኔ ስሞትም ማን ናት እያልክ ለቀስተኛ እንዳታስቸግር።»