በማለዳ የተጠራ ስም

ሥራውን የጀመርሁት ሰቆጣ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ታብሌት፣ ፓወር ባንክና ባጅ አደለንና «ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አትሳቁ» አለን። ጥናቱ ሕዝቡ ዜና ከየት እንደሚሰማና የሰማውን ምን ያህል እንደሚያምን የሚጠይቅ ነበር። የአገሩን ቋንቋ ኻምጣኛንም አማርኛንም ስለምችል ወዲያው ተቀጠርሁ። ከሁሉ የከበደኝ አለመሳቁ ነው።

የመጀመሪያው ተጠያቂዬ ከገበያው በላይ የሚኖሩ ቄስ ነበሩ። «አባ፣ ባለፈው ሳምንት ዜና ከየት ሰሙ?» አልኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ወይ ዘመን! ድሮ መንገደኛ ሲመጣ ምን ወሬ አለ ብለን የምንጠይቅ እኛ ነበርን። አሁን መንገደኛው እኛን ይጠይቀን ጀመር?» አሉኝ። ሳቅሁ። ተቆጣጣሪያችን ከኋላዬ ቆማ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ተገሠጽሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤት የምንመርጥ እኛ አይደለንም፤ ከመንደሩ ጫፍ ተነሥተን የታዘዘውን ያህል ቤት እየዘለልን እንገባለን። ከገባንም በኋላ የቤቱን አዋቂዎች ስም ታብሌቱ ላይ እናስገባለን፤ እሱ በዕጣ አንዱን ያወጣል። የወጣውን ሰው በሌላ የቤቱ ሰው መተካት ክልክል ነው። ስንት አባወራ «እኔ ቁጭ ብዬ ሚስቴን?» እያለ ተቆጥቶኛል መሰላችሁ! አምደወርቅም፣ አበርገሌ ቆላም እንዲህ ስንሠራ ከረምን።

ሰሃላ ስንደርስ ግን መኪናው መንገድ አለቀበትና ከዚያ ወዲያ በእግር ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር መሪ ሰጠን። አያ ተስፉ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሚከናነቡ፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ፀሐይ ሳትበረታ እንድረስ ብለን ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። እሳቸው ከፊት፣ እኔና ሁለቱ ባልደረቦቼ ከኋላ ሆነን በአንድ መስመር ወጣን።

መንደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ውኃ አዝላ ስትመጣ አገኘችን። «እንደምን አደርሽ?» አልኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ከነሸክሟ ባለችበት ቆመች።

የመጀመሪያው ቤት የሚዘለል ነበር። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል። አልፈነው ስንሄድ «ተመስገን» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ጋቢውን ለብሶ ይከተለን ጀመር። በሚቀጥለውም ቤት እንደዚያው። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላችን ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ የሚያወራ የለም፣ አንድ የሚያስል የለም፤ የሚሰማው የእግርና የዱላ ድምፅ ብቻ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ።

«አያ ተስፉ፣ ሰዎቹ ምን ሆነዋል?» አልኋቸው በሹክሹክታ።

«እንጃ፣ እንግዳ ሊያዩ ይሆናል» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቆጠራው ያረፈበት የእማማ ብርቄ ቤት ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ ብለው አልጠየቁንም። «ግቡ» አሉና ቁርበት አነጠፉልን። ምሰሶው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሬዲዮ ተሰቅሏል።

«ይሠራል፣ እማማ?»

«የባትሪ ድንጋዩን አውጥቼዋለሁ። ሲሳይ ከሄደ ወዲህ ክፉ እንዳልሰማ።»

ሲሳይ ወንዱ ልጃቸው ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ምዕራብ ቆላ ወርዶ፣ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፁ የለም። የቤቱን አዋቂዎች ስጠይቃቸው ራሳቸውን ጠሩ፣ ልጅቱን ጠሩ፣ ከዚያ «ሲሳይን ጻፈው፣ ቤቱ ነው» አሉ። ጻፍሁ። ታብሌቱ ትንሽ አሰበና አንድ ስም አወጣ። እኔም እንደተጻፈ አነበብሁት።

«ሲሳይ።»

እማማ ብርቄ ከተቀመጡበት ወደ ፊት ተደፉ። ደጅ የቆመው ሕዝብ በአንድ አፍ ዋይታውን አቀለጠው፤ ስሙ እስኪጠራ ሲጠብቅ ኖሯል።

ለካ አያ ተስፉ የዚያ አገር መርዶ ነጋሪ ናቸው! ሰው በሩቅ ሲሞት ጎህ ሲቀድ ሰዎች አስከትለው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። እኛ ቤት እየዘለልን ስንሄድ እያንዳንዱ ሰው ሞት ደጁን አልፎት ሲሄድ እያየ ነበር። እሳቸው ደግሞ ያን ቀን የመጡት ለመርዶ ስላልሆነ ነገሩ ጨርሶ ትዝ አላላቸውም።

«እማማ፣ በማርያም! ስለ ሬዲዮ ልንጠይቅ ነው የመጣን! ስለ ልጅዎ የምናውቀው የለም!» ብዬ ጮኽሁ።

አንድ ጎረቤት ትከሻዬን ያዘኝ። «አዎ ልጄ፣ መጀመሪያ ሌላ ሌላው ነው የሚወራው። አሁን አውቃለችና ተወው።»

አያ ተስፉ በታቦት ማሉ። የባሰ ለቅሶ ሆነ፤ እሳቸው ክፉ የለም ብለው ከማሉበት ቤት ሁሉ ሰው ሞቷልና። እየተርበተበቱ ወጡና አጥሩ ሥር ተቀመጡ።

እኔ እየሮጥሁ ኔትወርክ የሚያዝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለተቆጣጣሪዋ ደወልሁ። «ተጠያቂው የለም ብለህ መዝግብና ተተኪ ቤት ውሰድ» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

«እመቤቴ፣ በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ ተቀምጠዋል እኮ ነው የምልሽ!»

«በሕይወት መኖሩን በምን አወቅህ?» አለችኝ።

በምን አወቅሁ? ከታች ለቅሶው ይሰማል፣ እኔም ያ ስም ከየት መጥቶ አፌ ላይ እንደወጣ አንዳፍታ ተጠራጠርሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሰቆጣ መናኸሪያ ከምዕራብ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ሳይ እየሮጥሁ «ሲሳይ የሚባል የሰሃላ ልጅ ታውቃለህ?» እላለሁ። ባለቤቴ «የማን ዘመድ ነው?» እያለች ትገረም ነበር። በመጨረሻ አንዱ «አሁን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ነው» ብሎ ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ደወልሁ። «ሄሎ» አለኝ፤ ሲሳይ ራሱ! መናኸሪያው መካከል እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለእናቱ የሚሆን ድምፅ ቀድቶ እንዲልክልኝ ነገርሁትና ይዤ ወደ ሰሃላ ሄድሁ፤ ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ።

እማማ ብርቄ ጥቁር ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው አገኘኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። «እማ፣ ሲሳይ ነኝ። ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ» ይላል። እስከ መጨረሻው ሰሙት። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ድምፁ ነው» አሉ።

«ታዲያ! ደስ አይበልዎትም?»

«በሬዲዮም የሞቱ ሰዎች ይዘፍናሉ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚያምኑት?» አልኋቸው። ስንት ሰው የጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ከልቤ ጠይቄው አላውቅም።

«አንተን» አሉኝ። «በማለዳ መጥተህ ስሙን ጠርተሃል።»

ጉብታው ላይ ወጥቼ ለሲሳይ ደወልሁና «አጨዳው ገደል ይግባ! ድምፅህ ሳይሆን እግርህ ይምጣ!» ብዬ ጮኽሁበት። መጣ። ሰቆጣ ላይ ተቀብዬ በእኩለ ቀን ወደ መንደሩ ወሰድሁት። አያ ተስፉ ከቀበሌው ጀምረው ከመንደሩ በታች እስካለው ወንዝ ድረስ ሸኙንና ቆሙ። «እኔ ከታየሁ ሌላ ቤት ይደነግጣል» ብለው ከዛፍ ሥር ቀሩ። መንደሩ ውስጥ ያገኘን ሰው ሁሉ ከመንገድ እየወጣ ያማትባል፤ «እንኳን መጣህ» ያለው አንድም አልነበረም።

እናቱ ወጡ። ቀርበው እጁን ዳሰሱ፣ አንገቱን አሸተቱ።

«አርባህን አውጥቼልሃለሁ እኮ» አሉት።

«እማ» ብሎ አቀፋቸው። ያን ጊዜ ነው እሪታው የመጣ፤ ከእሪታው ውስጥ ደግሞ እልልታ። እኔም አለቀስሁ፣ ምን ይደብቀኛል።

ስወጣ እማማ ብርቄ አጥሩ ድረስ ሸኙኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሞቱንም ሕይወቱንም ያመጣህልኝ አንተ ነህ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከእንግዲህ ግን፣ ልጄ፣ ወደዚህ ደጅ አትምጣ።»

«እሺ፣ እማማ» አልሁ። አልሄድሁም። በሚቀጥለው ዙር የዚያ መንደር ተራ ሲደርስ ሌላ ባልደረባ በእኔ ፈንታ እንዲሄድ ለመንሁ።

አሁን አዳዲስ ጠያቂዎችን የማሠለጥን እኔ ነኝ። ፀሐይ ሳትወጣ ሰው ቤት አትሂዱ እላቸዋለሁ። መሪ ሲሰጧችሁ ሌላ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ለምን እንደመጣችሁ ደጅ ላይ ሳትናገሩ የማንንም ስም አትጥሩ። ሬዲዮ የማያምን ሰው እናንተን ሊያምን ይችላል።