ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ሰው

እህቴን ሊያገባ የፈለገው ሰው አገሩ ካርታ ላይ ስፈልጋት የጣቴ ጫፍ የሸፈናት ደሴት ናት። ደሴት ሲባል እኔ የሚመጣልኝ አሸዋና ባሕር፣ ከዘንባባ ሥር ተንጋሎ ጭማቂ የሚጠጣ ሰው ነበር። የሱ መንደር ግን ተራራ ጫፍ ላይ ነው፤ ባሕሩ የሚታየው ጭጋጉ ሲገለጥ ብቻ ነው። አውቶቡስ ከተራራው ሥር አራግፎህ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ሽቅብ። መብራት የለም። ጎደሬና ገውዝ የሚባል ቅመም ይበቅላል። ዝናቡ አያባራም፤ አንዳንዴ ደግሞ አውሎ ነፋስ መጥቶ የቤቱን ጣራ ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ ነው፣ ያውም ሳንጠይቀው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል ነው። ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል ከተማ ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ከእህቴ ጋር እኖር ነበር። አባትና እናታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አሜሪካ ያስገባችኝም እሷ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሰውዬውም እዚያው ወጥ ቤት ይሠራል። እኔ ኮሌጅ እማራለሁ እባላለሁ። ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ ካልሲዬን የምታጥፍልኝ እህቴ ነበረች፤ ይህም ተፈጥሯዊ ሥርዓት ይመስለኝ ነበር።

የሰውዬው አባት ሲሞቱ መሬቱን የሚይዝ ጠፋ። የመንደሩ ወጣት ሁሉ ተራራውን ወርዶ በየአገሩ ተበትኗል። «እኔ ተመልሼ እገባለሁ፤ አብረሽኝ ነይ» አላት። እኛ ሚኒሶታ ለመድረስ ስንቱን በረሃ አቋርጠን፣ ስንቱን ቢሮ ደጅ ጠንተን፣ ይህ ሰው ከሚኒሶታ አውጥቶ ጭቃ ሊያስገባት ነው። ጤንነቱን ተጠራጠርኩ።

እህቴ «ከፈለገኝ በወጉ ሽማግሌ ይላክ» ስትል በልቤ ተገላገልን አልኩ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ዘመድ የሌለው ሰው ሽማግሌ ከየት ያመጣል? የናቅሁት ለካ ቀላል ሰው አልነበረም፤ የኛኑ ሰዎች ተዋሰ። አንደኛው ሌክ ስትሪት አካባቢ ታክሲ የሚነዱ፣ እህቴን እንደ ልጃቸው የሚያዩ የወሎ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ክሪስታል ከተማ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ አስተማሪ የነበሩ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይታጡ ሰው ናቸው። ሦስተኛው በዕለቱ ሥራ ተጠርቶ ቀረ። አስተማሪው ሽማግሌ ከሦስት አያንስም ብለው ሙጭጭ አሉ። መቼስ ምን ይደረግ፣ ሙሽራው ራሱ ሦስተኛ ሆኖ መጣ። ለራሱ ሽማግሌ የሆነ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዷቸውን እያራገፉ ገቡ። ሙሽራው እጅጌው ያጠረ ሙሉ ልብስ ለብሶ አንድ ከረጢት ጎደሬ ታቅፏል። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የወሎው ሰው ግን «ወጉ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ጉልበቴ አልተባበረኝም» ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የሴቷ ወገን ማለት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። እህቴ መኝታ ቤት ሆና በሩን ገርበብ አድርጋዋለች።

አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ልጃችሁን ለልጃችን...» አሉና ወደ ሙሽራው ዞሩ። «ለመሆኑ ይኼ አገርህ እንዴት ያለ ነው?» ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሙሽራው አማርኛ አያውቅምና እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ የሙሽራው ሽማግሌዎች ሙሽራውን መመርመር ያዙ።

የወሎው ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለጉት። «ውሃው ከመንደሩ በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በታች» አለ ሙሽራው።

ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ተሸክሞ ሽቅብ! እኔ የተራራ ልጅ ነኝ። ከዚህ ሸሽቼ አይደል እንዴ ስኖው ላይ ድራይቭ የማደርገው?»

«ሐኪም ቤትስ?» አሉ አስተማሪው።

«ተራራው ሥር አለ። የታመመ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠን ተሸክመን እናወርዳለን።»

«ተሸካሚስ አለ?»

«ድሮ ነበር» አለ።

የመንደሩን የወደፊት ተስፋ ጠየቁት። «ብዙ ተስፋ የለውም» አለ። «ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው የቀረው። እኛ ከገባን ግን ሰው ያለበት ቤት በአንድ ይጨምራል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «ቢዋሽ ይሻለን ነበር» አሉ የወሎው ሰው። «አሁን ምን ብለን እንለምንለት?» አስተማሪው ሙሽራውን ትክ ብለው እያዩ በአማርኛ ለኔ «እኛ ለወጉ ያህል እንለምንሃለን፤ አንተ ግን እምቢ በል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

እኔ የምፈልገውም ይኸው ነበር። ልመካከር ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ። እህቴ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ውሃው በታች ነው አለ?»

«ሰምተሻል እኮ፣ እታለም።»

«ለኔ አልነገረኝም።» ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው አህያ ይገዛል» አለች።

ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እምቢ ካልክ እቀራለሁ» አለችኝ። «አልቀየምህም። እስከ ዛሬም ስመልሰው የኖርኩት ወንድሜ ገና ልጅ ነው እያልኩ ነው።»

ፊቷን አየሁት፤ የምሯን ነው። ሽምግልናው ሁሉ ቲያትር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቁልፉ እውነትም እኔ እጅ ላይ ነው። ወጣትነቷን እኔን ስታሳድግ ጨርሳዋለች፣ የቀረውንም ልትጨምርልኝ ተሰናድታለች። እሷ የሌለችበት ቤት ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ በጣም ፈራሁ። «ትወጂዋለሽ?» አልኳት። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም።

«ያላየሁትን ተራራ ሳይቀር ወደድኩት፤ ምን ይሻለኛል?» አለች።

ወጣሁ። በወጉ ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው። እኔ ግን ካደርኩበት ሐሳቤን እንደምለውጥ አውቀዋለሁና «ሰጥተናል» አልኩ።

«ባንዴ?» አሉ አስተማሪው። የወሎው ሰው «አይ ልጄ፣ እምቢ በል ተብለህ» ብለው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። የኔም ዕንባ መጣ፤ የማስተርጎም ነገር ጨርሶ ከሐሳቤ ጠፋ።

ሙሽራው ሦስታችንንም አየ። ሁለቱ ሽማግሌዎቹ ሐዘን ተቀምጠዋል፣ የሴቷ ወንድም ያለቅሳል። ተነሣ፣ ከረጢቱን ሶፋው ሥር በቀስታ አስቀመጠ፣ እያንዳንዳችንን በሁለት እጁ ጨበጠን፣ ስላደመጣችሁኝ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። እምቢ የተባለ መስሎት መሄዱ የገባን ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ኮቴ ስንሰማ ነው። እህቴ ከመኝታ ቤት ተወርውራ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ካፖርት ተከተለችው።

በመስኮት አየናቸው። ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪናው ጋ ደረሰችበት። አንድ ነገር አለችው። ሰውዬው ከነሙሉ ልብሱ በረዶው ላይ ቁጭ አለ፤ እሷ ክንዱን ይዛ ትጎትተዋለች፣ እሱ አይነሣም።

የወሎው ሽማግሌ ካፖርታቸውን ለብሰው ከጎኔ መጥተው ቆሙ። «እሷንስ ሰጠህ» አሉኝ። «አንተን ለማን ትተን እንሂድ?»

«እኔ ልጅ አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«አይደለህም» አሉ። ካፖርታቸውን ግን መልሰው አወለቁ።