ወደ ውስጥ የሚነገር አዎ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሊንጉዊስቲክስ፣ የቋንቋ ሳይንስ ላጥና ስትለኝ፣ «ያለሽን አንዱን ቋንቋ መቼ በቅጡ ቻልሽውና!» ብያታለሁ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ከወጣች ወዲህማ ጭራሽ ባሰባት።

አንድ እሁድ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ለምሳ መጥታ፣ ስልኳን ከሰላጣው ሳህን ጀርባ ደብቃ እኔና አባቴ ስናወራ ስትቀዳን ያዝኳት። ለክፍል ሥራ ነው አለች።

«ማሚ፣ ዩ ጋይስ ኢንግሬሲቭ ታደርጋላችሁ! ሶ ኩል!»

ስድብ መስሎኝ ነበር። አስረዳችኝ። ሰው ሲናገር ትንፋሹን ያወጣል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ የሚያሰማው የንግግር ድምፅ ግን ኢንግሬሲቭ ይባላል። እኛ ሰው ሲያወራን «ህ!» ብለን አየር ስበን «አዎ» የምንለው ማለቷ ነው። ስዊድኖችም እንዲህ ያደርጋሉ አለችኝ። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት የላክሁሽ? ብዬ ሳቅሁባት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ነገሩን ከተውኩት ቆይቻለሁ። መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ሥራ ስታዘኝ «ህ!» ባልኳት ቁጥር «አር ዩ ኦኬ?» እያለች ውሃ ታመጣልኝ ነበር። አስም ያለብኝ መስሏት ነው። አፍሬ «የስ» ማለት ለመድኩ። አባቴ ግን እዚህ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ቢሆንም ማንም አላስተወውም።

በዚያው ክረምት አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተያዘ። ሐኪሞቹ ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ የሚባለው ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ከገባው ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ መራመድና መናገር ይለማመዳል። ካልገባው ልምምዱን ሊከታተል አይችልምና የሚሄደው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው።

የንግግር ቴራፒስቷ መጥታ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘች። ስልኩን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። «አባባ፣ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ነው ያሉት?» አለ አስተርጓሚው። አባቴ አየር ሳበ። ቴራፒስቷ ቀና ብላ ትንፋሹን የሚከታተለውን ማሽን አየች። «መልስ አልሰማሁም» አለ አስተርጓሚው። እንደገና ተጠየቀ፤ እንደገና ሳበ። እኔስ ምን አደረግሁ? በአማርኛ አፌን የፈታሁ፣ አባቴን ዕድሜ ልኬን የማውቀው ሴትዮ፣ ነፍሱ ልትወጣ ነው ብዬ ነርሷን እየጮህኩ ጠራሁ። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ሰኩለት። ሁለት ቀን ሙሉ «ህ!» ባለ ቁጥር እኔ ስደነግጥ፣ እነሱ «አልመለሰም» ብለው ሲጽፉ ዋልን።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ቦርሳዋን እንዳዘለች ከክፍል በቀጥታ መጣች። ቴራፒስቷ ለመጨረሻ ጊዜ ልትጠይቀው ስልኩን ከፍታለች። አስተርጓሚው ጠይቆት አባቴ አየር ሲስብ እኔ ነርሷን ልጠራ ተነሳሁ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ስቶፕ! ሂ ኢዝ አንሰሪንግ!»

ከዚያ ለቴራፒስቷ በእንግሊዝኛ አወረደችው። ከመፍጠኗ የተነሳ «ኢንግሬሲቭ» የምትለውን ብቻ ነው የለየሁት። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። ልጄ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀችው።

«አባባ፣ እኔ የልጅህ ልጅ ነኝ?»

«ህ!»

«እኔ ወንድምህ ነኝ?»

ዝም። እንዲያውም ገላመጣት።

«ይሄ ሆስፒታል ነው?»

«ህ!»

«አሁን አዲስ አበባ ነን?»

ዝም።

አሥር ጥያቄ ጠየቀችው፤ አንዱንም አልሳተም። ቴራፒስቷ የጻፈችውን ሰረዘች። «ኢንግሬሲቭ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል አስነግራ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው፤ ከአልጋው በላይም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ከሳበ አዎ ማለቱ ነው የሚል ወረቀት ለጠፈች። ከሰዓት በኋላ ማገገሚያው ቦታ እንደሰጠው ነገሩን። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። እኔ የተውኩትን ነገር እሷ ከመጽሐፍ አግኝታ አያቷን አዳነችልኝ።

ቡና ልትገዛልኝ ስትወጣ እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። ያኔ ነው የትናንቱ ትዝ ያለኝ። ይገባው ከነበረ ሁሉን ሲሰማ ነበር ማለት ነው። ትናንት እዚሁ አልጋው አጠገብ ቆሜ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደውዬ፣ እንዲህ ሆኖ ከሚኖር ቢያርፍ ይሻለው ነበር ብያለሁ። አስከሬኑን አገር ቤት እንላከው ወይስ እዚሁ ይቀበር ብለንም ተማክረናል።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ትናንት በስልክ ያልኩትን ሰምተሃል?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ህ!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። ፈርቼ እንጂ ጠልቼህ አይደለም፣ የምትሰማኝ መች መሰለኝ፣ ሐኪሞቹም አይገባውም ብለውኝ ነው እያልኩ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። ገና ሳልጨርስ «ህ! ህ!» አለ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጎ። ከዚያ በደህና እጁ የኔን እጅ ፈልጎ ያዘና ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜ ልኩን ወሬ ሲበዛበት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ገባኝ፣ አሁን ዝም በይ ማለቱ ነው።