እናቴ የተቀመጠችበት ኪቦርድ

አባቴ ፋራህ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ደህና የሚሠራ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ዋይፋይ የሚያሰራጭልንን የቤታችንን ራውተር ከአሮጌ ኮምፒውተር የሠራው እሱ ነው። የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ በተቀየረ ቁጥር ዋይፋዩ ይጠፋል፤ አባቴ ደግሞ አዲስ ድራይቨር ወጣ ሲባል ሳይጭን አያድርም።

የአክስቴ የኢዲል ሠርግ ጅቡቲ ነበር። እናቴ ሃዎ ሂና ተቀብታ፣ በቪዲዮ ጥሪ ልታየው ስልኳ ፊት ተቀመጠች። ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ዋይፋዩ ድርግም አለ።

«አቦ ፋራህ! ምን ነካካህ?»

«አዲሱን ጫንኩ። የተሻለ ነው ብለው…»

«ለማን ነው የተሻለው? የትናንቱን መልስልኝ!»

አባቴ ላቡ እየተንጠባጠበ አዲሱን አጥፍቶ የድሮውን መለሰ። ሙሽራዋ ብቅ አለች፤ እናቴ እልልታውን አቀለጠችው።

«ሃዎዬ፣ አንዲት ነገር ብቻ ላስተካክልና…»

እናቴ ኪቦርዱን ከራውተሩ ነቅላ ተቀመጠችበት። ጅቡቲ ሁሉም ተነስቶ ሲጨፍር እሷ በትከሻዋ ብቻ ጨፈረች።

«እህቴ፣ ለምን አትነሺም? እግርሽን አሞሻል እንዴ?» አለች ሙሽራዋ ደንግጣ።

«እኔ ደህና ነኝ» አለች እናቴ፤ «የታመመው ፋራህ ነው።»