ሼህ ሰይድ ያልተከራከሩበት ጽሑፍ

የበሰለ ማንጎ ሽታ ከቆላው ሙቀት ጋር ሲመጣብኝ እግሬ አርፎ አይቆምም። ባለፈው ሐሙስም ሸዋ ሮቢት ገበያ፣ ዋርካው ሥር፣ ማንጎ ስመርጥ ወዲያ ወዲህ ስል ሻጯ ልጅ ሳቀችብኝ። "እትዬ፣ ጉንዳን ወጣብዎት እንዴ?" አለችኝ። መንቆራጠጡ የተጋባብኝ ከጋሼ ጌታነህ ነው።

ጋሼ ጌታነህ ከእናቴ ምግብ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የጋዜጣ አምደኛ ነበሩ። አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ በየሳምንቱ ስለ ፖለቲካ ይጽፋሉ። ቁጭ ብለው ሲጽፉ ግን አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ደፍ ላይ ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ ቆመው አንድ መስመር ይጭሩና ግቢውን ይዞራሉ፤ ተመልሰው ይሰርዙታል። "ሰውዬው ግቢዬን አረሱት እኮ!" ትል ነበር እናቴ።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም፣ ጽሑፉን ለሾፌሩ ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት ለሼህ ሰይድ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ሼህ ሰይድ ዋርካው ሥር ማንጎ የሚሸጡ የይፋት ሰው ነበሩ። ጉንጫቸውን በጫት ወጥረው ያዳምጡና "ወላሂ ተሳስተሃል!" ሲሉ የጋሼ ጌታነህ ፊት ይፈካል። ያላከራከረ ጽሑፍ ይቀደዳል እንጂ አይላክም። "ሁሉም እሺ ካለው ምን ሊሠራ ይታተማል?" ይላሉ። ግትርነት ነው፤ ግን እወድላቸው ነበር።

አንድ ሰሞን የገበያው መሬት ለአንድ ባለሀብት ተሰጥቶ ሊታጠር ነው፣ ማንጎ ሻጮቹም ሊነሡ ነው ተባለ። ጋሼ ጌታነህ ጻፉ። ሐሙስ ዕለት አንብበው ሲጨርሱ ሼህ ሰይድ ማንጎ መደርደር ጀመሩ።

"ምነው ሼህ ሰይድ? አይከራከሩኝም?"

"ምኑን ልከራከርህ? ሁሉም ሐቅ ነው።"

"አንድ ቃል እንኳ?"

"አንድም።"

ጋሼ ጌታነህ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ። ጥቂት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ። አጥሩ ሰኞ እንደሚቆም ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ እኔ የማንጎ ልጣጭ ጨብጬ አንዴ እሳቸውን አንዴ አውቶቡሱን አይ ነበር። አውቶቡሱ ጥሏቸው ወጣ።

ያኔ ሼህ ሰይድ ከጆንያቸው ላይ ብድግ አሉ። "ምን አረግህ? ደንብህ ከእንጀራዬ በለጠብህ? ተሳስተሃል! ወላሂ፣ እንደ ዛሬ ተሳስተህ አታውቅም!"

ጋሼ ጌታነህ ሳቁ። "ይኸው ተከራከሩኝ!" ብለው ባዶውን ሽቅብ የሚወጣ አይሱዙ አስቆሙ፤ ሁለቱም ተንጠላጠሉ። ዳገቱን ወጥተው፣ ደብረ ሲና ብርድ ውስጥ፣ ተሳፋሪው ቆሎ ሲገዛ አውቶቡሱ ላይ ደረሱ።

ጽሑፉ ቅዳሜ ወጣ፤ አጥሩም ቀረ። በቀጣዩ ሳምንት ግን በጋሼ ጌታነህ አምድ ቦታ የሳሙና ማስታወቂያ ታትሞ መጣ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ ከዚያ ወዲህ የትም አልታተመላቸውም። እንደዚያም ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ እየጻፉ ለሼህ ሰይድ ያነቡላቸው ነበር። ጡሩንባው ሲነፋ ብቻ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

አምና ጋሼ ጌታነህ ሲያርፉ ድንኳኑ ውስጥ የማያመሰግናቸው ሰው አልነበረም። "ደግ ነበሩ" ሲባል ሁሉም "እውነት ነው" ይላል። ሼህ ሰይድ በከዘራቸው ተደግፈው ከጥግ ተነሡ።

"እኔ አልስማማም" አሉ። "ግትር ነበር። ሰው አይሰማም ነበር። ያን ቀን እንኳ አውቶቡሱን…" አልጨረሱትም፤ እንባቸው ጢማቸውን አራሰው።

ባለፈው ሐሙስ የሳቀችብኝ ማንጎ ሻጭ የሼህ ሰይድ የልጅ ልጅ ናት። ማንጎውን ስትሰጠኝ አያቷ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት።

"ደህና ናቸው፤ እርጅና ነው እንጂ" አለችኝ። "ሐሙስ ሐሙስ ብቻ፣ ያ አውቶቡስ ጡሩንባ ሲነፋ፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው 'ተሳስተሃል' ይላሉ።"